«ዘውዴ ማን ናቸው?» ምንጭ ስትጠቅሱ መመሪያው ዝም የሚልባቸው ቦታዎች

የማስተርስ ጽሑፌን ባቀረብኩ ቀን የፈታኙ የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ምርምሩ አልነበረም። ገጽ 14ን ገልጠው መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አደረጉና፣ «እህቴ፣ እዚህ ጋ ‹ዘውዴ (1991) እንደሚሉት› ብለሻል። ዘውዴ ማን ናቸው?» አሉኝ።

ባሕሩ ዘውዴን ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ገባኝ። መጽሐፉን የጻፉት ባሕሩ ናቸው። እኔ ግን አባታቸውን ደራሲ አድርጌያቸዋለሁ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ልስቅ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም።

ያ ከሆነ አሥራ ሁለት ዓመት አለፈው። አሁን ስድስት ኪሎ አካባቢ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒና ጥረዛ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል የሰው መመረቂያ ጽሑፍ አርማለሁ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ምሳ የምበላው ቆሜ ነው። ተማሪዎቹ «ሁሉም አልቋል፣ ሪፈረንሱ ብቻ ነው የቀረው» እያሉ ይመጣሉ። ብቻ! ያ «ብቻ» አንዳንዴ ሦስት ቀን ይፈጃል።

ስንፍና ነው ብዬ አልፈርድባቸውም። ኤፒኤ በሉት ሀርቫርድ፣ የምንጭ አጠቃቀስ መመሪያዎቹ የተሰፉት የቤተሰብ ስም ላለው ሰውና ለፈረንጅ ዘመን አቆጣጠር ልክ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ዓመታችን ሌላ ነው። አዋጆቻችን ሁለት ዓመተ ምሕረት ይዘው ይወጣሉ። የአማርኛ መጽሐፍ አሳታሚው ማን እንደሆነ ለማወቅም ሦስት ገጽ ማገላበጥ አለ። ኮማው የት እንደሚገባ ከመመሪያው ታገኙታላችሁ። እኔ የማወራው መመሪያው ዝም ስለሚልበት ነው።

ገና ስታነቡ

ሪፈረንስ የሚበላሸው ሲጻፍ ሳይሆን ሲነበብ ነው። መጽሐፉን ከመደርደሪያ ስታወጡ በስልካችሁ ሁለት ፎቶ አንሱ፤ የውስጥ ሽፋኑንና የእሱን ጀርባ። የደራሲው ስም፣ ዓመቱ፣ እትሙ፣ አሳታሚው ሁሉም እዚያ አሉ። ቤተ መጻሕፍቱ ለክረምት ሲዘጋ ታመሰግኑኛላችሁ።

ማስታወሻ ስትይዙ ደግሞ የደራሲውን ቃል እንዳለ ከገለበጣችሁ እዚያው በትእምርተ ጥቅስ ክበቡት፣ ገጹንም ጻፉ። በራሳችሁ አባባል ካስቀመጣችሁትም ገጹን ጻፉ። የራሳችሁ ሐሳብ ሲመጣ «የእኔ» በሉበት። እኔ ሦስት ቀለም ስክሪፕቶ እጠቀም ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ማስታወሻውን ስትከፍቱት የማን ዓረፍተ ነገር እንደሆነ አታስታውሱማ። «ሰረቅህ» ተብለው ሲያለቅሱ ካየኋቸው ልጆች ብዙዎቹ ሌቦች አልነበሩም። የራሳቸው ማስታወሻ ነው ጉድ የሠራቸው።

በራስ አባባል መጻፍ ማለት ቃል መቀያየር አይደለም። አንድ መጽሐፍ «የገበያ ቀን በአካባቢው የዜና መለዋወጫም ነበር» ይላል እንበል። «የግብይት ዕለት በሰፈሩ የወሬ መቀያየሪያም ነበረ» ብላችሁ ብትጽፉ ኮቱን ገልብጣችሁ ለበሳችሁ እንጂ አልቀየራችሁም። መጽሐፉን ክደኑት። ከዚያ ለጓደኛችሁ እንደምትነግሩት ጻፉት፦ «ሰዎች ገበያ የሚወጡት ለመሸጥና ለመግዛት ብቻ አልነበረም፤ አገር ምን እንዳለ የሚሰሙትም እዚያው ነበር።» አሁን የእናንተ ዓረፍተ ነገር ሆነ። ሐሳቡ ግን አሁንም የደራሲው ነው፤ ምንጩን መጥቀስ አይቀርም።

ረጅም ጥቅስ ላይ ደግሞ ኤፒኤ 40 ቃልና ከዚያ በላይ ከሆነ ከጽሑፉ ነጥላችሁ፣ ያለ ትእምርተ ጥቅስ፣ ገባ አድርጋችሁ አስቀምጡት ይላል። አማርኛ ግን በአንድ ቃል ዓረፍተ ነገር የሚጨርስ ቋንቋ ነው። የእኛ 40 ቃል ከእንግሊዝኛው 40 ቃል ብዙ ይሸከማል። ስለዚህ በአማርኛ ለሚጽፉት አራት መስመር ካለፈ ነጥሉት እላቸዋለሁ። አማካሪያችሁ ሌላ ካሉ የእሳቸው ይጽና።

ስም

እዚህ ላይ ቁስሌ ስላለ ረዘም አደርጋለሁ።

ፈረንጅ ስም የሚገለብጠው በምክንያት ነው። ሲልቪያ ፓንክረስት፣ ልጃቸው ሪቻርድ፣ የልጅ ልጃቸው አሉላ፤ ሦስቱም ስለ ኢትዮጵያ ጽፈዋል፣ ሦስቱም ፓንክረስት ናቸው። «ፓንክረስት» ብሎ የፈለገ ሰው ሦስቱንም ጎን ለጎን ያገኛቸዋል። የእኛ ሰው ሦስት ትውልድ ቢጽፍ ሦስት የተለያየ ሁለተኛ ስም ነው የሚኖረው። ሁለተኛው ስም የአባት እንጂ የቤት ስም አይደለማ። ባሕሩ ዘውዴን «ዘ» ስር ብታስቀምጧቸው ማን ይፈልጋቸዋል? የሚያውቃቸው ሁሉ «ባ» ስር ነው የሚሄደው።

ስለዚህ ስሙን እንዳለ፣ ሳትገለብጡ፣ በመሃል ኮማ ሳታስገቡ ጻፉ፤ ባሕሩ ዘውዴ። በመጀመሪያው ስም ፊደል አሰልፉት። ጽሑፉ ውስጥም «ባሕሩ ዘውዴ (1991)» በሉ። «ባሕሩ (1991)» ብቻም ያስኬዳል፤ ግን ሦስት ታደሰና አራት አበበ ያለበት ዝርዝር ውስጥ ሙሉ ስም ይሻላል። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ሀምቡርግ ላይ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በ5 ቅጽ የወጣው ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ እንኳ ኢትዮጵያውያንን በመጀመሪያ ስማቸው ነው የሚያሰልፈው።

የትምህርት ክፍላችሁ «አይሆንም፣ ይገልበጥ» ካለ ገልብጡት። አትጣሉ፣ መመረቅ አለባችሁ። ግን ሁሉንም ገልብጡ። ከሁሉ የሚከፋው ቅልቅል ነው። ያው ሰው አንዴ «ባ» ስር አንዴ «ዘ» ስር ሲመጣ ሁለት ሰው ይሆናል።

ጎግል ስኮላር ላይ የመጥቀሻ ምልክቷን ተጭናችሁ የምትገለብጡት ነገር የኢትዮጵያን ስም ይገለብጠዋል፤ አትመኑት። ሁለት ቃል ያለው ስም ላይማ ጭራሽ ይፈርሳል። ተክለ ጻድቅ መኩሪያ የሚለው ውስጥ የሰውየው ስም «ተክለ ጻድቅ» ነው፤ ሁለቱም። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም እንደዚያው። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ላይ ደግሞ ሁለት ቃል የሆነው የአባት ስም ነው። ኮምፒውተሩ ይህን አያውቅም፤ የመጨረሻውን ቃል ይመዝዝና ይሄዳል። አንድ ጽሑፍ ላይ «ሥላሴ እንደሚሉት» የሚል አንብቤ አውቃለሁ። ጽሑፉ የነገረ መለኮት አልነበረም።

ማዕረግ ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። «ዶ/ር» ብላችሁ ከጀመራችሁ ግማሹ ሰው «ዶ» ስር ይከማቻል። አክብሮታችሁን መግለጽ ከፈለጋችሁ ጽሑፉ ውስጥ መጀመሪያ ስታነሷቸው «ብላቴን ጌታ ኅሩይ» በሉ፤ እሱ ያምራል።

ፊደሉንም ከሽፋኑ ላይ ቅዱ። ደራሲው «ፀጋዬ» ካለ «ጸጋዬ» ብላችሁ አታርሙለት። ፊደል ሲዛወር ቦታም ይዛወራል፤ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» በፊደል ተራ ሦስት የተለያየ ቦታ ናቸውና። በእንግሊዝኛ የጻፈውንም ራሱ በጻፈበት አጻጻፍ ተዉት። የስሙ ባለቤት እሱ ነው።

ዓመት

ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ በእኛና በፈረንጆቹ መካከል ያለው ልዩነት 7 ዓመት ነው። ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8። ሁሉም ይህን ያውቃል። ሪፈረንስ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም በደፈናው 8 ይደምራል። በኅዳር 2011 የታተመ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. 2018 ነው፣ በሚያዝያ 2011 የታተመው 2019። ወሩ ካልተጻፈ አትገምቱ፤ 2018/19 ብላችሁ በሁለቱም ጻፉት።

እኔ የምመርጠው ግን አለመለወጥን ነው። በአማርኛ ስትጽፉ የአማርኛውን መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ ባለው ዓመት «2011 ዓ.ም.» በሉት፣ የውጪውን «እ.ኤ.አ. 2019»። አንባቢ መጽሐፉን ሲያገኝ ሽፋኑ ላይ የሚያየው ቁጥር ያው መሆን አለበት።

አንድ ወጥመድ አለ። ያው ደራሲ በእንግሊዝኛ እ.ኤ.አ. በ2001፣ በአማርኛ ደግሞ በ1996 ዓ.ም. ጽፏል እንበል። ኮምፒውተሩ 1996ን ያስቀድማል። ግን 1996 ዓ.ም. ማለት 2003/4 ነው፤ አማርኛው ነው ኋላ የመጣው። የሰውየው አስተሳሰብ እንዴት እንደተለወጠ የምትተነትኑ ከሆነ ልጁን ከአባቱ አስቀድማችሁ ትቆጥራላችሁ ማለት ነው። ሁለቱም አቆጣጠር ባለበት ዝርዝር ላይ ተራውን በዓይናችሁ ፈትሹ።

እትምንም እዩ። የባሕሩ ዘውዴ የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ በእንግሊዝኛ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲወጣ እስከ 1974 ነበር የሚሄደው። በ2001 የወጣው ሁለተኛው እትም እስከ 1991 ይዘልቃል። ስለ ደርግ ዘመን ጠቅሳችሁ «1991» ብትሉ መጀመሪያው እትም ውስጥ የሌለ ገጽ እየጠቆማችሁ ነው። እኔ ያን ቀን ይህንንም ስሕተት ሠርቼ ነበር፤ ደግነቱ ፈታኙ አላዩትም።

አዋጅና መሥሪያ ቤት

ባለፈው ዓመት አንድ የሕግ ተማሪ «አዋጅ ቁጥር 1156/2011» እና «አዋጅ ቁጥር 1156/2019» የሚሉ ሁለት ሕጎች ዘርዝሮ አመጣልኝ። አንዱ ሌላውን እንዳሻሻለ የሚያትት አንድ አንቀጽም ነበረው። ያው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ነው! ነጋሪት ጋዜጣው ላይ አማርኛው በአንድ ዓምድ፣ እንግሊዝኛው በሌላው ዓምድ ጎን ለጎን ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን ዓመት ይዞ። የቅጂ መብት አዋጁም በአማርኛ 410/1996፣ በእንግሊዝኛ 410/2004 ነው። መታወቂያው ከእዝባሩ በፊት ያለው ቁጥር ነው። በአማርኛ ስትጽፉ የአማርኛውን፣ በእንግሊዝኛ ስትጽፉ የእንግሊዝኛውን ዓመት ያዙ፤ አትቀላቅሉ። አንቀጹን ሳትጠቅሱም አትለፉ። «በአዋጁ መሠረት» ብሎ አንድ ሙሉ ጋዜጣ ለአንባቢ ማሸከም ነውር ነው።

ጋዜጣው ራሱም ስም ቀይሯል። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣው ነጋሪት ጋዜጣ ነው፤ ከ1987 ወዲህ ያለው የፌደራሉ ሕግ ፌደራል ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ነው የሚታተመው።

መሥሪያ ቤትን ሰነዱ በወጣበት ጊዜ በነበረው ስም ጥሩት። የ1999ኙን የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያወጣው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ነው። አሁን ስሙ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ሆኗል፤ ያኔ ግን አልነበረም። በ1962 ዓ.ም. የተጻፈ መመረቂያ ጽሑፍ አግኝታችሁ «አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ» ካላችሁም ተሳስታችኋል። ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነበር።

ያሳተመውና ያተመው

የአማርኛ መጽሐፍ ስትጠቅሱ «ብርሃንና ሰላም» ብላችሁ አሳታሚ ቦታ ላይ አትጻፉ። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ነው። ወረቀቱን አትሞ ሰጠ፤ የመጽሐፉ ኃላፊ ግን እሱ አይደለም። አሳታሚ ማለት ለምሳሌ በደርግ ጊዜ የነበረው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነው። አብዛኛው የአማርኛ መጽሐፍ ላይ ደግሞ አሳታሚው ራሱ ደራሲው ነው፤ ተበድሮ፣ አሳትሞ፣ አዟሪ ፈልጎ። እንዲህ ሲሆን ኤፒኤ የደራሲውን ስም በአሳታሚነት አይደግመውም፤ ዝም ብላችሁ እለፉት። ከተማ ጻፉ የሚባለውም የቆየ ነገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሰባተኛው የኤፒኤ እትም አስቀርቶታል። ከጓደኛ የወረሳችሁት መመሪያ ከተማ የሚጠይቅ ከሆነ ስድስተኛው ነው።

ያላነበባችሁትን

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።» የእጅ ጽሑፎችን ያየው አንድ ሊቅ የጻፈውን ሌላ ሰው ጠቀሰው። የእሱን አንድ የዶክትሬት ጽሑፍ ጠቀሰው። እናንተ ያነበባችሁት ዶክትሬቱን ነው፤ ዝርዝራችሁ ላይ ግን ሊቁ ጉብ ብለዋል። ገጹ ቢሳሳት ስሕተቱ የእናንተ ሆነ። መጀመሪያ ዋናውን ፈልጉ። ካጣችሁ «እገሌ (በእገሌ እንደተጠቀሰው፣ ገጽ 60)» በሉ፤ ዝርዝሩ ላይ ያነበባችሁትን ብቻ አስገቡ። አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ፈታኙ «መጽሐፉን የት አገኘኸው?» ሲሉ ነው።

የግርጌ ማስታወሻ የምትጠቀሙ የታሪክ ልጆች «ዝኒ ከማሁ»ን፣ ማለትም «ከላይ የተጠቀሰው ራሱ» የሚለውን፣ ተጠንቀቁ። ቁጥር 23 ላይ መጽሐፍ ጠቀሳችሁ፣ 24 ላይ ዝኒ ከማሁ አላችሁ። ከሳምንት በኋላ በመሃላቸው አዲስ ማስታወሻ ጨመራችሁ። ዝኒ ከማሁ አሁን የሚጠቁመው ሌላ ሰው ነው፤ ማንም አልነገራችሁም። እስከ መጨረሻው ቀን አጭር ርእስና የደራሲ ስም እየጻፋችሁ ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የቺካጎ መመሪያም ይህንኑ ነው የሚመርጠው።

በቴሌግራም ያገኛችሁት ፒዲኤፍ ምንጩ ቴሌግራም አይደለም። መጽሐፉን ጥቀሱ። ግን መጀመሪያ ሙሉ መሆኑንና የገጽ ቁጥሩ ከታተመው ጋር መግጠሙን እዩ። ፒዲኤፉ ገጽ 52 የሚለው መጽሐፉ ላይ 40 ሊሆን ይችላል፤ ሽፋኑንና መግቢያውን አብሮ ስለሚቆጥር።

ቻትጂፒቲ የሰጣችሁን ሪፈረንስ ሳታገኙት አታስገቡ። ደራሲ አለው፣ መጽሔት አለው፣ ቅጽና ገጽ አለው፤ ጽሑፉ ራሱ ግን የለም። ዲኦአይ (የጽሑፉ ቋሚ መለያ ቁጥር) ከሰጣችሁ ዲኦአይ ዶት ኦርግ ላይ አስገቡት። ካልተከፈተ ወይም ሌላ ጽሑፍ ላይ ከወሰዳችሁ ጣሉት። እኔ ዘንድሮ የመጀመሪያ ሥራዬ ይህ ሆኗል፤ ኮማ ከማረሜ በፊት ሰዎቹ መኖራቸውን አጣራለሁ።

ያናገራችኋቸው ሰዎች

አባ እገሌ የነገሯችሁ ታሪክ ዋቢ መጻሕፍት ውስጥ አይገባም። አንባቢ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ አያገኛቸውማ። በታሪክና በፎክሎር ጽሑፎች መጨረሻ ላይ የመረጃ አቀባዮች ዝርዝር ይደረጋል፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ቦታ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቀን። «ስሜ አይነሳ» ያሉ ካሉ ቃል ቃል ነው። «መረጃ አቀባይ 3» በሏቸው፤ ከዚያም «የቀበሌው ብቸኛዋ አዋላጅ» ብላችሁ መልሳችሁ አታጋልጧቸው። ይህንን የሠራ ልጅ አጋጥሞኛል።

ኮምፒውተሩን ማስተማር

በእጅ አትሥሩ። ዞቴሮ የሚባለው ሪፈረንስ የሚያደራጅ ፕሮግራም ነፃ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አለ። ግን ደራሲ የሚጻፍበት ቦታ ላይ ሁለት ሳጥን ይሰጣችኋል፤ አንዱ ለቤተሰብ ስም፣ አንዱ ለመጀመሪያ ስም። ከጎኑ ትንሽ ምልክት አለች፤ ስትጫኗት ሁለቱ ሳጥን አንድ ይሆናሉ። እዚያ ውስጥ «ባሕሩ ዘውዴ» ብላችሁ ጻፉ። ከዚህ በኋላ አይገለብጠውም። ይህቺን ምልክት በዚያ ዘመን ባውቃት ኖሮ ዘውዴ ማን እንደሆኑ ባልተጠየቅኩ።

ሦስትና ከዚያ በላይ ደራሲ ሲኖር ኤፒኤ ሰባት ጽሑፉ ውስጥ ገና ከመጀመሪያው የአንዱን ስም ብቻ ጽፋችሁ «እና ሌሎች» እንድትሉ ይፈቅዳል። ዞቴሮ በእንግሊዝኛ ካስገባላችሁ መጨረሻ ላይ በእጅ አርሙት። የአማርኛና የእንግሊዝኛ ምንጮችንም በሁለት ርእስ ለዩዋቸው፤ ሁለት ፊደል በአንድ ተራ አይሰለፍም።

ከመጠረዙ በፊት ዝርዝሩን በወረቀት አትሙ። ማስመሪያ ያዙ። ጽሑፉን ከገጽ 1 ጀምራችሁ እያነበባችሁ የጠቀሳችሁት ስም በመጣ ቁጥር ዝርዝሩ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። ስታበቁ ምልክት የሌለበት ስም ካለ አልጠቀሳችሁትም፤ ሰርዙት። ጽሑፉ ውስጥ ኖሮ ዝርዝሩ ላይ ያጣችሁት ካለ ስልካችሁን ክፈቱ፤ የሽፋኑ ፎቶ እዚያ አለ። ሥራው ሁለት ሰዓት ቢወስድ ነው። ለእኔ ካመጣችሁት ያስከፍላችኋል።